ድር ቢያብር፤ የአክራነስ እግር ኳስ ማኅበር ታሪክ



እንደ ልማዳችን በዚህ ሳምንትም አንድ ቃል መርጠን ትርጓሜውን በታሪክ እናስረዳለን። የዛሬው ቃል «ማኅበር» የሚለው ነው። ማኅበር «ኀበረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ግሡም «አንድ ሆነ፣ ተጣመረ» ማለት ነው። «ኅብረት» የዚሁ ሥር ፍሬ ነው፤ «ተባበረ» እና «አብሮ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ትግርኛ የሚያውቅ አንባቢ ቃሉን በዚያም ቋንቋ ውስጥ ያገኘዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ምሳሌ ውስጥ ያለውን «ቢያብር» ልብ ያለ ሰው ደግሞ ማኅበርና ድር ምን ያህል የቀረቡ ነገሮች እንደ ሆኑ ይረዳል። አንዱ ክር በጣት ይበጠሳል፤ የተጣመረው ክር ግን ኀይለኛውን አስሮ ይይዛል።

ቃሉን በሥራ ላይ ለማሳየት ታሪኩን የወሰድነው ከሩቅ አገር ነው። አገሩ አይስላንድ፣ ከተማው አክራነስ፣ ማኅበሩም የእግር ኳስ ማኅበር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ ደሴት ናት። ስፋቷ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሕዝቧ ቍጥር ግን 400,000 አይሞላም። በበጋቸው እኩሌታ ሌሊቱ ጨርሶ አይጨልምም፤ በብርዱ ወራት እኩሌታ ደግሞ የቀኑ ብርሃን ከአራትና ከአምስት ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ ከነፋስና ከበረዶ ጋራ የሚታገለው ይህ ሕዝብ ከቤት ውጭ፣ በሣር ላይ ኳስ የሚጫወትበት ወራት አጭር ነው።

አክራነስ ከዋና ከተማው ከሬይኪያቪክ በስተ ሰሜን፣ ፋክሳፍሎይ ከሚባለው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ማዶ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። በባሕር ላይ ቢለካ ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዘመን መንገደኛው ወይ በመርከብ ይሻገር ነበር፣ ወይም ወደ ምድር ውስጥ ጠልቆ የገባውን የባሕር ክንድ በመኪና ዞሮ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር። የከተማነት ማዕርግ ያገኘችው በ1942 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የነዋሪዎቿ ቍጥር ከ3,000 አይበልጥም ነበር።

የአይስላንድ የእግር ኳስ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1912 ነው። ከዚያ ዓመት አንሥቶ እስከ 1950 ድረስ፣ አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው፣ ዋንጫው ከሬይኪያቪክ ወጥቶ አያውቅም። የዋና ከተማው ማኅበራት እየተፈራረቁ ይወስዱት ነበር። የሕዝቡ ብዛት፣ ገንዘቡ፣ ትምህርት ቤቱና ሜዳው በዚያ ስለ ነበረ፣ የባላገሩ ከተማ ድርሻ ወሬውን መስማት ብቻ መስሎ ይታይ ነበር።

በዚያን ጊዜ አክራነስ ራሷ በሁለት የተከፈለች ነበረች። በ1922 «ካሪ» የተባለ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1924 ደግሞ የከተማውን ስም የያዘ ሌላ የእግር ኳስ ማኅበር ተመሠረተ። የአንድ ሰፈር ልጆች፣ አንዳንዶቹ በዚህ አንዳንዶቹ በዚያ ሆነው እርስ በርሳቸው ይጋጠሙ ነበር። ጨዋታው ለከተማው ሕዝብ ደስታ ነው፤ ይሁን እንጂ ያን በሚያህል ትንሽ ከተማ ውስጥ ያሉት ጎበዞች ለሁለት ከተከፈሉ ለዋና ከተማው የሚመጥን አንድ ቡድን ማውጣት አይቻልም።

በ1946 የአክራነስ ሰዎች በአንድ የስፖርት ኅብረት ሥር ተጠቃለሉ። ሁለት ማኅበራት ሊዋሐዱ ሲነሡ ምን እንደሚያከራክር በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሊቀ መንበሩ ከየትኛው ወገን ይሁን? ገንዘቡ በማን እጅ ይቀመጥ? ማኅተሙስ የማንን ስም ይያዝ? ብዙ መልካም አሳብ በዚህ ጥያቄ ላይ ተሰናክሎ ይወድቃል። አክራነሶች ለአዲሱ አካል የሰጡት ስም በእነርሱ ቋንቋ «የአክራነስ የስፖርት ኅብረት» ማለት ነው። ሁለቱ ማኅበራት በከተማው ውስጥ ስማቸውን እንደ ያዙ ቆዩ፤ ከሌላው ከተማ ጋራ ለመግጠም ሲወጡ ግን በአንድ ስም ወጡ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር በአምስት ዓመት ውስጥ ታየ። ሪክሃርዱር ዮንሶን የሚባል በ1929 የተወለደ የአክራነስ ልጅ ነበረ። ጎበዝ ተጫዋች ስለ ነበረ ገና በወጣትነቱ ወደ ሬይኪያቪክ ሄዶ ፍራም ከተባለው ማኅበር ጋራ በ1947 የአገሪቱን ዋንጫ አገኘ። የታናሽ ከተማ ልጅ ወደ ትልቁ ከተማ ሄዶ ከተሳካለት በዚያው መቅረቱ የተለመደ ነው። ሪክሃርዱር ግን በ1951 ወደ ትውልድ ቦታው ተመለሰ። 22 ዓመት ሳይሞላው የቡድኑ ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆነ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በ29ኛው ቀን አይስላንድ ስዊድንን በሬይኪያቪክ 4 ለ 3 ስታሸንፍ፣ አራቱንም ግብ ያገባው እርሱ ነው። የሪክሃርዱር የእጅ ሙያው ቤት መቀባት ነበረ። በዚያን ዘመን በአክራነስ ከእግር ኳስ የሚገኝ ደመወዝ ስላልነበረ ተጫዋቾቹ እንጀራቸውን የሚያገኙት ከሌላ ሥራ ነበር።

በዚያው በ1951 የአክራነስ ቡድን የአይስላንድ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫው ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕሩን ተሻግሮ ከሬይኪያቪክ ወጣ። ነገሩ የአንድ ዓመት ዕድል እንዳልነበረም ቀጥሎ የመጣው ያስረዳል፤ በ1953፣ በ1954፣ በ1957፣ በ1958 እና በ1960 ደግመው ደጋግመው ወሰዱት። በአሥር ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ መሆኑ ነው።

አንባቢ «ምሥጢሩ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ከምሥጢሮቹ አንዱ ከሜዳው አጠገብ ይታያል። ላንጊሳንዱር የሚባል የባሕር ዳር አሸዋ አለ፤ ስሙ «ረጅም አሸዋ» ማለት ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ሰፊ ሜዳ ይሆናል፤ ባሕሩ ሲመለስ ይሸፍነዋል። የከተማው ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉት፣ ቡድኑም እግሩን የሚያጠነክረው በዚያ ላይ ነበር። በአሸዋ ላይ የሮጠ እግር በሣር ላይ አይደክምም። ሜዳ የለንም ብለው ከመቀመጥ ይልቅ ባሕሩ የሰጣቸውን ሜዳ ተጠቀሙበት።

ሁለተኛው ምሥጢር በስማቸው ውስጥ ይገኛል። የአይስላንድ ሰዎች እንደ እኛ የቤተሰብ ስም የላቸውም ማለት ይቻላል፤ የሚጠሩት በራሳቸውና በአባታቸው ስም ነው። «ሶን» የሚለው መጨረሻ «ልጅ» ማለት ስለ ሆነ፣ ዮንሶን ማለት የዮን ልጅ ማለት ነው። የስልክ መዝገባቸው ሳይቀር በሰውየው በራሱ ስም ተራ ይጻፋል። ይህን ልማድ የተረዳ ሰው የቡድኑን ታሪክ እንደ ትውልድ ሐረግ ሊያነበው ይችላል። በ1951ዱ ቡድን ውስጥ ቶርዱር ቶርዳርሶን የተባለ አጥቂ ነበረ። ልጁ ቴይቱር ቶርዳርሶን በ1970ዎቹ ከአክራነስ ጋራ ዋንጫ አገኘ። ሌላው ልጁ ኦላፉር ቶርዳርሶን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ተጫወተ፤ በ2001 ደግሞ አሠልጣኝ ሆኖ ቡድኑን ሻምፒዮን አደረገ። የአባት ስም ግን ያልለመደውን ሰው ያሳስታል። ጉድዮን ቶርዳርሶን የተባለው የታወቀው አሠልጣኝም የአክራነስ ሰው ነው፤ ሆኖም አባቱ ሌላ ቶርዱር ነው። እኛም ዘንድ ሁለት የከበደ ልጆች በአንድ መሥሪያ ቤት ተገኙ ተብሎ ወንድማማች ናቸው እንደማይባል ሁሉ ማለት ነው።

ማኅበሩ ሁልጊዜ ከላይ አልኖረም። በ1990 ከዋናው ክፍል ወረደ። «ወረደ» የሚለው ግሥ በእግር ኳስ ቋንቋ ከታላላቆቹ ውድድር ወጥቶ በሁለተኛው ክፍል መጫወት ማለት ነው። ለትንሽ ከተማ ይህ ከባድ ኀዘን ነው። ጉድዮን ቶርዳርሶን በ1991 ቡድኑን ይዞ በአንድ ዓመት መለሰው። በተመለሰበት በ1992 ቡድኑ የአገሪቱን ሻምፒዮና ወሰደ። ከዚያም እስከ 1996 ድረስ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ዋንጫውን ያዘ። በ1993 ከጉድዮን ልጆች አንዱ የሆነው ቶርዱር 19 ግብ አገባ፤ ይህም የዚያው ማኅበር ልጅ ፔቱር ፔቱርሶን በ1978 ካገባው ጋራ የተካከለ ነው።

ይህ ትንሽ ማኅበር በአውሮፓ ውድድርም ከታላላቆቹ ፊት ቆሟል። በ1975 ኦሞኒያ የተባለውን የቆጵሮስ ሻምፒዮን አሸንፎ አለፈ። በ1979 ባርሴሎና ወደ አይስላንድ መጥቶ ያሸነፈው 1 ለ 0 ብቻ ነው፤ በመልሱ ግን አክራነስ 5 ለ 0 ተሸነፈ። በ1993 ደግሞ የሆላንድን ሻምፒዮን ፌየኖርድን በአይስላንድ ምድር 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በሮተርዳም 3 ለ 0 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። ይህ የፌየኖርድ ጨዋታ ሌላም ትርጓሜ ነበረው። አርናርና ብያርኪ ጉንላውግሶን የተባሉት መንታ ወንድማማች የአክራነስ ልጆች በ1992 ዋንጫውን ለከተማቸው ካስገኙ በኋላ የሄዱት ወደዚሁ ወደ ፌየኖርድ ነበር። ያሳደገቻቸው ከተማ የወሰደባትን ማኅበር በዚያች ቀን ረታችው። አርናር በ1995 ተመልሶ በ7 የሻምፒዮና ጨዋታ 15 ግብ አገባ። ይኸው አርናር በ2025 የአይስላንድ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ ተሾመ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። ትንሽ ከተማ ልጆቿን አሳድጋ ለትልቁ ከተማና ለሌላ አገር የምትሰጥ ከሆነ፣ ማኅበርዋ ምን ይጠቀማል?

ጥያቄው ባዶ ጥያቄ አይደለም። በ1998 ከባሕሩ ክንድ በታች 5,770 ሜትር የሚረዝም የመኪና ዋሻ ተከፈተ፤ ጥልቀቱ ከባሕር ወለል በታች 165 ሜትር ይደርሳል። ባሕሩን ዞሮ አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው መንገድ በጥቂት ደቂቃ አለቀ፤ መርከቡም ሥራውን አቆመ። ነዋሪው በሬይኪያቪክ ሠርቶ ማታ በአክራነስ ማደር ቻለ፤ የነዋሪው ቍጥርም በጊዜ ብዛት 8,000 ያህል ደረሰ። በሌላ ወገን ግን ሥራው ወደ ዋና ከተማው መሳብ ጀመረ። በ1958 ሥራ የጀመረው የሲሚንቶ ፋብሪካ ተዘጋ፤ ረጅም የጭስ ማውጫውም በ2019 ፈረሰ። ትልቁ የዓሣ ማዘጋጃ ሥራም በ2017 ወደ ሬይኪያቪክ ተዛወረ።

ማኅበሩም ከ2001 ወዲህ፣ እስከ 2025 ድረስ፣ የአገሪቱን ሻምፒዮና አላገኘም። በጠቅላላው 18 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የጥሎ ማለፉን ዋንጫም 9 ጊዜ ወስዷል፤ የኋለኛው በ2003 ነበር። ከዚያ ወዲህ በ2008፣ በ2013፣ በ2017 እና በ2022 ወደ ሁለተኛው ክፍል ወረደ። ነገር ግን በ2011፣ በ2014፣ በ2018 እና በ2023 እንደ ገና ወደ ላይ ለመመለስ በቃ። አራት ጊዜ ወርዶ አራት ጊዜ ተነሣ ማለት ነው። ከሚወርድ ይልቅ የሚያስደንቀው የሚነሣው ነው፤ የሚነሣበትም ምክንያት መመርመር አለበት።

ምክንያቱ ከታች ያለው ሥራ አለመቋረጡ ነው። አይስላንድ ከ2000 ጀምሮ ብርዱን ለመከላከል ጣራ ያላቸው የእግር ኳስ አዳራሾች ሠርታለች፤ አክራነስም በ2006 የራሷን አገኘች። የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃናትን ሳይቀር የሚያስተምራቸው ፈቃድ ያለውና ትምህርቱን የተማረ አሠልጣኝ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ውድድር ሲኖር በነፃ ያገለግላሉ። በ2016 አይስላንድ እንግሊዝን በአውሮፓ ዋንጫ 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ በ2018ም ለዓለም ዋንጫ ስትቀርብ፣ ዓለም ተአምር ነው አለ። ሥራው ግን ከብዙ ዓመት በፊት በየትንሹ ከተማ አዳራሽ ውስጥ የተሠራ ነበር።

ልጆቹ ግን ዛሬ የሚሄዱት ከቀድሞው ይልቅ ገና በለጋነታቸው ነው። በ2019 ሁለት የአክራነስ ልጆች፣ ዕድሜያቸው 16 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከአገር ወጡ። ሃኮን አርናር ሃራልድሶን ወደ ዴንማርክ ሄደ፤ በ2023 ደግሞ ወደ ፈረንሣይ፣ ወደ ሊል ተዛወረ። ኢሳክ በርግማን ዮሃንሶን ወደ ስዊድን ሄደ። ኢሳክ የዮሃንስ ካርል ልጅ፣ የአሠልጣኙ የጉድዮን ቶርዳርሶን የልጅ ልጅ ነው። አባቱ ዮሃንስ ካርልም በ2018 ማኅበሩን ወደ ዋናው ክፍል የመለሰው አሠልጣኝ ነው። አያት፣ አባትና ልጅ በአንድ ማኅበር ታሪክ ውስጥ በተራ ቆመዋል።

ስለ ገንዘቡ የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ የዓለም እግር ኳስ ፌደሬሽን ደንብ አለው። ተጫዋች ከአንዱ አገር ማኅበር ወደ ሌላው አገር ማኅበር በዋጋ ሲዛወር፣ ከዋጋው ውስጥ 5 ከመቶ ተለይቶ ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ማኅበራት ይከፋፈላል። ስለዚህ ልጁ በሩቅ አገር ሲያድግ ያሳደገው ማኅበር ድርሻ አይቀርበትም፤ ያም ገንዘብ ለሚቀጥለው ልጅ ማሠልጠኛ ሊውል ይችላል። ይህ ፍትሐዊ ደንብ ነው፤ ይሁን እንጂ የማኅበር ዋጋው በዚህ ተመዝኖ አያልቅም።

በእኛ አስተያየት የማኅበሩ ሚዛን ያልሄዱት ልጆች ናቸው። ከመቶ ልጅ አንዱ ወደ ፈረንሣይ ቢሄድ ዘጠና ዘጠኙ በከተማው ይቀራሉ። ከእነርሱ አንዱ መምህር ይሆናል፣ አንዱ መርከበኛ፣ አንዱ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ። በልጅነታቸው በአንድ ሜዳ ላይ ተሰልፈው መሸነፍንና መነሣትን ተምረዋል፤ የጓደኛን ስሕተት መሸፈንንም ተምረዋል። ነገ ልጃቸውን ይዘው ወደዚያው ሜዳ የሚመጡት እነርሱ ናቸው። ማኅበሩ አራት ጊዜ ወርዶ አራት ጊዜ የተነሣው ከሄዱት ሰዎች ዝና ይልቅ በቀሩት ሰዎች ትከሻ ነው። ሪክሃርዱርም በ1951 የሚመለስበት ማኅበር ያገኘው ሌሎች ከአምስት ዓመት በፊት ተባብረው ስለ ቆዩት ነው። ልጅ ወደ ቤት የሚመለሰው ቤቱ ሲኖር ነው።

ይህ ነገር ወላጆችንም ይመለከታል። ልጁን ወደ ማኅበር የሚልክ አባት ወይም እናት «ልጄ ታላቅ ተጫዋች ይሆናል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ስሕተት የለበትም። የሚበልጠው ጥያቄ ግን «ልጄ ከሌላው ልጅ ጋራ መሥራትን ይማራል ወይ?» የሚለው ነው። ለፊተኛው ጥያቄ «አዎን» የሚባልላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ለሁለተኛው ግን መልካም ማኅበር ባለበት ሁሉ «አዎን» ሊባል ይችላል።

ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቃላችን እንመለስ። አንዳንድ ሰው መተባበር ማለት አንዱ ሌላውን መዋጥ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ስሜ ይጠፋል ብሎ ይፈራል። በአክራነስ በ1922 የተመሠረተው የካሪ ስም አልጠፋም። በዚህ በ21ኛው መቶ ዓመት በካሪ ስም የተሰለፈ ቡድን በአገሪቱ የታችኛ ክፍሎች ሲወዳደር ታይቷል። ታላቁ ቡድን በከተማው ስም ይጫወታል፤ ካሪም በራሱ ስም ይጫወታል። በድር ውስጥ ያለው ክር ክርነቱን አይተውም፤ ብቻውን አለመሆኑ ነው ኀይሉ።

አንባቢዎቻችን በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ «ኀበረ» ከሚለው ሥር የወጡትን ሌሎች ቃላት እየፈለጉ እንዲጽፉ እናሳስባለን። «ተባባሪ»፣ «ማኅበርተኛ»፣ «አብሮ አደግ»፤ እያንዳንዱን ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብታችሁ ብትጽፉት የቃሉ ትርጓሜ በልባችሁ ይቀመጣል።